ወርቃማው ብርሃን ከጠፋ በኋላ፦ የማርሻ ሊነሃን ጉዳይ

ማርሻ ሊነሃን ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና የፈጠረች አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ናት። የአእምሮ ሆስፒታል ስትገባ የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ጊዜው ማርች 1961 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሆስፒታሉ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሊቪንግ ይባላል፤ የሚገኘው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ነው። ልጅቷ የቱልሳ፣ ኦክላሆማ ልጅ ናት። አባቷ በነዳጅ ሥራ ውስጥ ያሉ ትልቅ ሰው፣ ቤተሰቡ ካቶሊክ፣ እሷ ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ። በትምህርቷ ጎበዝ፣ ፒያኖ ላይ ተሰጥኦ ያላት። ከውጭ ለሚያያት የጎደላት ነገር የለም።

ውስጧ ግን ሌላ ነበር። ራሷን ትጎዳለች። መሞት ትመኛለች። ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም አይገባትም። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬንያ ነው አሉ። ቶራዚንና ሊብሪየም የሚባሉ መድኃኒቶች ተሰጧት፣ ለሰዓታት የፍሮይድ ዓይነት የንግግር ሕክምና ተደረገላት። ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ የመልቀቅ ሕክምናም ተጨመረ፤ በመጀመሪያው ዙር 14 ጊዜ፣ በሁለተኛው 16 ጊዜ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ብቻዋን የምትቆለፍበት ክፍል ውስጥ ራሷን የምትጎዳበት ዕቃ ሲጠፋ፣ ጭንቅላቷን ከግድግዳና ከወለል ጋር ታላትም ነበር።

ከ26 ወራት በኋላ፣ በሜይ 1963 ወጣች። መዝገቧ ላይ የሰፈረው ቃል ደስ አይልም። ከቆይታዋ ቀላል ለማይባል ጊዜ በሆስፒታሉ ካሉት ሕሙማን ሁሉ በጣም ከታወኩት አንዷ ነበረች ይላል። ከዓመታት በኋላ ራሷ ስትናገር፣ ያኔ በትክክል ተመርምራ ቢሆን ኖሮ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ይባል እንደነበር ትገምታለች። ይህ ችግር ያለበት ሰው ስሜቱ በቀላሉ ይነሳል፣ ከተነሳም ቶሎ አይበርድም። ሊነሃን እንደነዚህ ያሉ ሰዎችን ገላቸው ከሞላ ጎደል ከተቃጠለ ሰዎች ጋር ታነጻጽራቸዋለች። የስሜት ቆዳ የላቸውም። ሌላው ሰው ልብ የማይለው ንክኪ እነሱን ያስጮሃቸዋል።

እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሳለች ለፈጣሪ አንድ ስለት ተሳለች። ከዚህ ሲኦል ከወጣሁ፣ ተመልሼ መጥቼ ሌሎችን አወጣለሁ አለች። ለራሷ መቆም ያቃታት ልጅ ሌሎችን ላውጣ ስትል ይገርማል። ግን ስለቷን አልረሳችም።

ከዚያ ሺካጎ ሄደች። ቀን በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ሆና ትሠራለች፣ ማታ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ክፉው ጊዜ ገና አላለፈም ነበር። የምትጸልየው ሴናክል በሚባል የካቶሊክ የጽሞና ማዕከል ውስጥ ባለች ትንሽ ጸሎት ቤት ነው። በ1967 አንድ ምሽት እዚያ ተንበርክካ መስቀሉን ቀና ብላ ስታይ፣ ቤቱ በሙሉ ወርቅ ሆነ ትላለች። አንድ ነገር ወደ እሷ ሲመጣ ተሰማት። ሮጣ ወደ ክፍሏ ሄደችና ጮክ ብላ “ራሴን እወዳለሁ” አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ራሷ ለራሷ ስታወራ “እኔ” ብላ እንደማታውቅ ታስታውሳለች።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። ተአምር ሆነ፣ ዳነች፣ ምስጋና ለእግዚአብሔር፣ አለቀ። እኔ ግን ዋናው ነገር ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ። ያ ደስታ የቆየው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። የፍቅር ግንኙነቷ ሲፈርስ የድሮው ባዶነት ተመልሶ መጣ። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚህኛው ጊዜ ማዕበሉ ሲመጣ ራሷን ሳትጎዳ አሳለፈችው።

ምን ተለወጠ? ሊነሃን ስታስረዳ፣ ራሷን እንዳለች ተቀብላ ነበር ትላለች። ልትሆን በምትፈልገው ሰውና በሆነችው ሰው መካከል ትልቅ ርቀት አለ። እስከዚያ ድረስ ያ ርቀት በየቀኑ ሲገድላት ኖሯል። አሁንም ርቀቱ አለ፤ ግን ስላለ ብቻ ራሷን መቅጣት ተወች። ስሜቱ ሲጠፋ መቀበሉ አብሯት መቆየቱ ነው እኔን የሳበኝ። እምነት ላይ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሱባኤ ወይም በንግሥ በዓል የተሰማ ደስታ ሳምንት ሳይሞላ ሊተን ይችላል። ሰውየው ሰኞ ሥራ ሲገባ ይዞት የሚገባው ነገር ካለ፣ እሱ ነው የሚያኖረው።

አንድ ችግር ግን አለ። ጸሎት ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ለእሷ ነው የሆነው። ለሌላ ሰው እንዴት ይሰጣል? ስለቱ ሌሎችን ማውጣት ነበር። “ሂጂና ወርቅ እስኪሆንልሽ ጠብቂ” ተብሎ ለታካሚ አይታዘዝም።

በ1971 ከሎዮላ በሥነ ልቦና ዶክትሬቷን ያዘች። ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ስቶኒ ብሩክ ሄዳ የባህርይ ሕክምናን ተማረች። ይህ ዘርፍ ቀጥተኛ ነው። የሚያስቸግር ባህርይ ተለይቶ ይታወቃል፣ ምን እንደሚቀሰቅሰው ይታያል፣ ከዚያ ይለወጣል። በ1977 ሲያትል፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ገባች። ማከም የፈለገችው ሌላው ቴራፒስት (በንግግር የሚያክም የሥነ ልቦና ባለሙያ) የሚሸሻቸውን፣ ደጋግመው ራሳቸውን ለማጥፋት የሚሞክሩ ሰዎችን ነው።

መጀመሪያ በተማረችው መንገድ ሄደች፤ ይህን ቀይሪ፣ ያንን አስተካክዪ። ታካሚዎቹ ተቆጡ። ዕድሜ ልካቸውን “ችግሩ አንቺ ነሽ” ሲባሉ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ደግሞ ዶክተር ያንኑ ደገመችላቸው። ጥለው የሚወጡ ነበሩ። ከዚያ ሊነሃን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞረች። ላዳምጣችሁ፣ ሕመማችሁ ይገባኛል፣ እንዳላችሁ እቀበላችኋለሁ አለች። አሁንም ተቆጡ። እኔ እየሞትኩ ነው፣ አንቺ ደግሞ ተቀምጠሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ እንደማለት ነው። ትክክል ናቸው። በሁለቱም።

እንግዲህ መቀበልም መለወጥም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መኖር ነበረባቸው። ሊነሃን የፈጠረችው ሕክምና ስም ዲያሌክቲካል የሚለውን፣ ተቃራኒ ሐሳቦችን አብሮ መያዝን የሚያመለክት ቃል የያዘው ለዚህ ነው። በምህጻሩ ዲቢቲ ይሉታል። የመለወጡን ዕውቀት ከባህርይ ሕክምና ይዛለች። የመቀበሉን ግን ሥነ ልቦና ውስጥ በሚሠራበት መልክ አላገኘችውም። ስለዚህ በ1980ዎቹ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ሰሜን ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የሻስታ የዜን ገዳም ሄደች፤ ዜን ጽሞና ላይ የሚያተኩር የቡዲዝም ዘርፍ ነው። በኋላም ጀርመን ሄዳ ከቪሊጊስ ዬገር ጋር ተማረች፤ ሰውየው የቤኔዲክት ማኅበር መነኩሴም የዜን መምህርም ነበሩ። ሌላው የረዳት ጄራልድ ሜይ ነው፤ የሥነ አእምሮ ሐኪምና መንፈሳዊ አማካሪ። ከሱ የወሰደችው ሐሳብ እልህንና ፈቃደኝነትን ለይቶ ማየት ነው። እልኸኛው ሰው ሕይወት እሱ እንዳለው ካልሆነ አልነካም ይላል። ፈቃደኛው ግን አሁን የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብሎ እሱን ያደርጋል፤ ባይወደውም።

ከገዳም ያመጣችውን ለሕክምና ስታውለው የሃይማኖቱን ቃላት አወጣች። ማንም ይጠቀምበት ብላ ነው፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ምንም የማያምነውም። አንዳንድ አማኞች ይህን አይወዱትም፤ ነፍሱ የወጣ ጸሎት ይመስላቸዋል። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ለአንዲት የ20 ዓመት ልጅ ዛሬ ማታ እንዳትሞት የሚረዳት ነገር በሃይማኖቷ መታጠር የለበትም።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከመለማመጃዎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ መቀበል ነው፤ በአእምሮ ብቻ ሳይሆን በልብም በሰውነትም። ለታካሚዎች የሚታደለው ወረቀት ምን እንደሚቀበሉ በግልጽ ይዘረዝራል። የሆነው ሆኗል። ለሆነው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው። የማንም ሰው የወደፊት ሕይወት ገደብ አለው። ሕመም ያለበት ሕይወትም ሊኖሩት የሚገባ ሊሆን ይችላል። ከገደቡ ዓረፍተ ነገር ጎን ደግሞ ቅንፍ አለ፤ መቀበል ያለባችሁ እውነተኛ ገደቦችን ብቻ ነው ይላል። የወረቀቱን ክብደት የምለካው በዚህ ቅንፍ ነው።

የሊነሃንን ሕይወት በዚህ ቅንፍ እንየው። ኤሌክትሪኩ ከሆስፒታል በፊት የነበረውን ትዝታዋን አብዛኛውን ወስዶባታል። የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍ ስለ ልጅነቷ ዘመዶቿንና ወዳጆቿን መጠየቅ ነበረባት። የክንዷ ጠባሳ አይጠፋም። የወጣትነቷ 26 ወራት አይመለሱም። እነዚህ እውነተኛ ገደቦች ናቸው። ከተቆለፈ ዋርድ የወጣች ልጅ ዶክተር አትሆንም የሚለው ደግሞ የሰው ግምት ነው። ያንን አልተቀበለችም። ሁለቱን መለየት ካልተቻለ መቀበል የሚባለው ነገር ሰውን ወደ መቃብር የሚሸኝ ይሆናል።

ለመለማመድ ሰውነትን መጠቀም ይቻላል። ፊትን ማላላት፣ ከንፈር ላይ ትንሽ ፈገግታ ማምጣት፣ ጣቶችን ፈትቶ መዳፍን ወደ ላይ መክፈት። ቅዳሴ ላይ እጃቸውን ዘርግተው የሚቆሙ እናቶችን ላየ ሰው አዲስ አይደለም። እጅ ተጨብጦ እያለ ልብን እሺ ማሰኘት ይከብዳል። አንዴ ተደርጎ የሚያልቅም አይደለም። ጠዋት የተቀበሉት ነገር ከሰዓት በኋላ እንደገና ያንገበግባል። ያኔ እንደገና ልብን መመለስ ነው። አንዳንድ ቀን በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። እኛ ጋ መቀበል የሚለው ነገር በቀላሉ የሌላ ሰው ዱላ ይሆናል። ባሏ የሚመታትን ሴት “ዕጣሽ ነው፣ ቻይው” እንላታለን። ልጁ የሞተበትን አባት ሣልስቱ ሳይወጣ “የፈጣሪ ፈቃድ ነው፣ ተቀበለው” እንለዋለን። የሊነሃን ወረቀት ይህን በስሙ ይከለክላል። መቀበል ማጽደቅ አይደለም፤ እጅ አጣጥፎ መቀመጥም፣ ለውጥን መቃወምም አይደለም ይላል። የምትመታዋ ሴት መቀበል ያለባት እውነት ቢኖር “ይህ ሰው እየመታኝ ነው፤ ነገ ይለወጣል ብዬ ስጠብቅ ዓመታት አለፉ” የሚለው ነው። ያንን እውነት ከተቀበለች በኋላ ምናልባት ሻንጣዋን ታነሳለች። ደግሞም መቀበል የባለቤቱ ሥራ ነው። ሌላ ሰው ሊያዝዘው አይችልም፤ አብሮ መቀመጥ ግን ይችላል።

ከጉዳዩ ሁሉ ብዙም የማይወራለት፣ እኔ ግን አብልጬ የምወደው የቴራፒስቱ ገደብ ነው። ብዙ የሕክምና ዓይነቶች ለቴራፒስቱ አንድ ዓይነት አጥር ያስቀምጣሉ። ከሰዓት ውጪ ስልክ የለም፣ ይህ አይነገርም፣ ያ አይደረግም። ምክንያቱን ታካሚው ሲጠይቅ “ለአንተ ጥቅም ነው” ይባላል። ሊነሃን ይህን አልወደደችውም። በዲቢቲ ታካሚው ቀውስ ሲገጥመው፣ ራሱን ከመጉዳቱ በፊት፣ ለቴራፒስቱ ይደውላል። መደወሉ የሕክምናው አካል ነው። ራሱን ከጎዳ ግን ለቀጣዮቹ 24 ሰዓታት መደወል የለም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በስተቀር። ስልኩ ሽልማት እንዳይሆን ነው።

ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የሚደወልለት ቴራፒስት ምን ያድርግ? መልሱ፣ የራስህን ገደብ ልብ በል፣ ከዚያም በእውነት ተናገር ነው። “ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ስልክ አላነሳም፤ ካልተኛሁ ነገ ሰው አልሆንም” ማለት ይቻላል። “ይህ ለአንቺ መልካም ስለሆነ ነው” ማለት ግን አይፈቀድም፣ ውሸት ነውና። ገደቡ የቴራፒስቱ ነው፤ የታካሚዋ በሽታ አይደለም። ከቴራፒስት ቴራፒስት ይለያያል። በአንዱም ሰው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ልጁ የታመመበት ቴራፒስት ያን ሳምንት አቅሙ ጠባብ ነው። ታካሚዋ በከባድ ቀውስ ውስጥ ከሆነች ደግሞ ለጊዜው መለጠጥ አለ፤ ከዚያ ግን ወደ ቦታው መመለስ።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቀችበት? ገደቡን የማያውቅ ረዳት መጨረሻው ይታወቃል። ለሁሉም እሺ ይላል፣ ይደክማል፣ ይመረራል፣ አንድ ቀን ታካሚዋን ይጥላታል። የተጣለችው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ መጣልን የምትፈራ ናት። ይህን ያነበበ ዲያቆን፣ ነርስ፣ ዳያስፖራ ሆኖ ቤተሰብ የሚያስተዳድር የበኩር ልጅ ሁሉ ራሱን ያገኛል ብዬ አስባለሁ። “አልችልም” ማለት ጭካኔ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው። ሊነሃን ግን ታካሚውን ሳይጥሉ አብሮ ለመዝለቅ የሚያስፈልግ ነገር አድርጋ ነው ያየችው።

ቴራፒስቶቹ ብቻቸውንም አይሠሩም። በየሳምንቱ የሚገናኝ ቡድን አላቸው፤ ታካሚውን የሚያክሙ እነሱ፣ እነሱን የሚያክም ቡድኑ። ወደ ቡድኑ ሲገቡ ከሚስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ሁላችንም እንሳሳታለን የሚል ነው። ስለዚህ አንዱ “ተሳስተሃል” ሲባል ራሱን ለመከላከል ጊዜ አያጠፋም። እንሳሳታለን ብለን ተስማምተን የለ እንዴ? ኑዛዜን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚህ ግን ተናዛዡ ሐኪሙ ነው።

ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ? በ1991 ሊነሃንና ባልደረቦቿ የመጀመሪያውን የንጽጽር ሙከራ ውጤት አሳተሙ። ቦርደርላይን ያለባቸውና ደጋግመው ራሳቸውን የሚጎዱ ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ዲቢቲ፣ ገሚሶቹ በአካባቢያቸው የተለመደውን ሕክምና ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ዲቢቲ ያገኙት ራሳቸውን የጎዱበት ጊዜ አነሰ፤ ጉዳቱም ቀለል ያለ ነበር። ሕክምናውን አቋርጠው የመውጣት ዕድላቸው ዝቅተኛ፣ ሆስፒታል የተኙበት ቀንም ጥቂት ነበር።

ግን ያው ጽሑፍ ሌላም ይናገራል። በድብርት፣ በተስፋ መቁረጥ፣ ስለ ሞት በማሰብ፣ ለመኖር ባላቸው ምክንያት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ዲቢቲን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ይዘሉታል። እኔ ብዙ የሚያስተምረኝ እሱ ነው። አንድ ዓመት ራሳቸውን ሳይገድሉ ለመኖር የሚያስችል ክህሎት አገኙ፤ ለምን እንደሚኖሩ ግን ገና ነበር። ሕክምናው ሰውየውን በሕይወት ያቆያል። ትርጉሙ ጊዜ ይፈልጋል።

ሊነሃን የራሷን ታሪክ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ አልተናገረችም። እኔ እንደሚገባኝ ሥራው በማስረጃ እንዲመዘን ፈልጋለች። የሕመምተኛ ሕልም ነው ተብሎ እንዳይጣል። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ያዩ ታካሚዎች ግን ይጠይቃሉ። አንዷ “አንቺም ከእኛ አንዷ ነሽ?” አለቻት፤ ከሆንሽ ለሁላችንም ትልቅ ተስፋ ነው ስትል። በጁን 2011 ሊነሃን ወደዚያው ሃርትፎርድ ሆስፒታል ተመለሰች። ቤተሰብ፣ ወዳጆችና ሐኪሞች፣ 200 ያህል ሰዎች ባሉበት ሁሉንም ተናገረች። ኒው ዮርክ ታይምስም በዚያው ወር አወጣው። ፈሪ ሆኜ መሞት አልችልም ነበር ያለችው። ያን ጊዜ 68 ዓመቷ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዲቢቲ ሕክምናውን በደረጃ ይከፍላል። መጀመሪያ ከሞት አፋፍ መመለስ። ከዚያ ውጪው ጸጥ ያለ፣ ውስጡ ግን የሚያለቅስ ሕይወት አለ፤ የቆየውን ቁስል ማከም እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው ተራ የሰው ኑሮ ነው፤ ሥራ፣ ትዳር፣ ቤት ኪራይ፣ መጣላትና መታረቅ። ሊነሃን በኋላ አራተኛ ጨመረች። ሁሉ ተሟልቶለት “አሁንም የጎደለኝ ነገር አለ” ለሚል ሰው ነው። በዚያ ደረጃ ያሉ አንዳንዶች ቴራፒስት ጋ መምጣታቸውን ትተው ወደ ጸሎት፣ ወደ ገዳም፣ ወደ መንፈሳዊ አባት ይሄዳሉ። ሕክምናው ይህን እንደ ውድቀት አይቆጥረውም።